ወንድሜ በጦርነቱ ሰላማዊ ሰው መግደሉን ነገረኝ፤ የሚያስፈልገው ፍርድ ነው ወይስ ሕክምና?

የአዳማዋ እህት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ እዚህ የምገባው ለማንበብ ነበር፤ የማማክረው ሰው ሳጣ ጊዜ ጻፍኩ። ግንባሩን፣ ክፍሉንና ዓመቱን አልጠቅስም። እባካችሁ እናንተም አትጠይቁኝ፤ ነገሩን ወደ ፖለቲካም አትውሰዱት።

ታናሽ ወንድሜ በቁስል ምክንያት ከሠራዊት ተሰናብቶ እዚህ አዳማ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረ ቆይቷል። እግሩ ድኗል፤ እንቅልፍ ግን በዓይኑ አይዞርም። አልጋ ተነጥፎለት የሚተኛው ሳሎን በር ሥር፣ ወለሉ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ከጦርነት የመጣ ሰው ጠባይ ነው ብለን ተቀበልነው። ግራ የገባኝ የእንጀራው ነገር ነው። እናታችን ምጣድ ስትጥድ እሱ ጃኬቱን አንስቶ ይወጣል። የአዳማ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት እስከ ወንጂ መውጫ ድረስ በእግሩ ይሄዳል። ጋግራ ጨርሳ፣ ቤቱ ተናፍሶ፣ ሽታው እስኪጠፋ አይመለስም።

በቅርቡ ለብቻችን ሆነን ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። ከአንዲት መንደር አቅጣጫ በተተኮሰ ጥይት የቅርብ ጓደኛው ሞተ። በማግስቱ መንደሯ ሲገቡ አዛዣቸው «እዚህ የቀረ ሁሉ ጠላት ነው» አላቸው። ከአንድ ቤት ውስጥ ድምፅ ሰማና በተዘጋው በር ላይ ተኮሰ። በሩን ገፍቶ ሲገባ አንዲት ሴት ምጣዱ አጠገብ ወድቃለች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ቆስለው እጃቸውን ዘርግተው ያዩታል። መሣሪያ የለም። በሽማግሌው ላይ ደግሞ ተኮሰባቸው። «ምጣዱ ላይ የነበረው እንጀራ ሲያር ይሸተኝ ነበር፤ የሚያወጣው ሰው አልነበረም» አለኝ። ማታ በሪፖርት የተጻፈው «ሁለት ታጣቂዎች ተደመሰሱ» የሚል ነው።

አሁን እጄን ልስጥና ቃሌን ልስጥ ይላል። እናታችን «ሆድ ይፍጀው፤ እግዚአብሔር ያውቃል» ብላ ጠበል እየወሰደችው ነው። የእህቴ ባል «አብዷል በሉና አስታምሙት፤ የታመመ ሰው አይጠየቅም» ይላል። እኔ ወንድሜን ማጣት አልፈልግም። እነዚያ ሁለት ሰዎች እንደ ታጣቂ ተጽፈው እንዲቀሩም አልፈልግም። ምን ይሻላል?

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:25

ልጄ፣ እናትሽን ስሚ። እኔ የቀድሞው ሠራዊት ወታደር ነኝ። በ1983 ዓ.ም. ስንበተን በየመንገዱ እየለመንን ነው አገራችን የገባነው። ሌሊት እየጮኸ የሚነሳውን ሁሉ «ሰይጣን ይዞታል» ከማለት በቀር ምን ሆንክ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ስንቱ በመጠጥ አለቀ፤ ስንቱ በገመድ ሄደ። ይህን የምልሽ ወንድምሽ ምን ተሸክሞ እንደሚያድር ስለማውቅ ነው።

ፍርድ የሚሉትንም አውቀዋለሁ። ትእዛዝ የሚሰጠው በቃል ነው፤ ክስ የሚመጣው በጽሑፍ ነው። «እዚህ የቀረ ሁሉ ጠላት ነው» ያለው ሰው ነገ ቢጠራ እንዲህ አላልኩም ይላል። ወረቀቱ ላይ የሚቀረው የወንድምሽ ስም ብቻ ነው። ልጁ አፈር ገፍቶ የተዋጋ ተራ ወታደር ነው፤ የበላዮቹ ተሹመው እሱ ይታሰር?

የታሪክ መምህር | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:10

ጋሼ ሃምሳ አለቃ ያሉት በሌላ አገርም የታየ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 16 ቀን 1968 የአሜሪካ ወታደሮች በቬትናም «ማይ ላይ» በምትባል መንደር አረጋውያንን፣ ሴቶችንና ሕፃናትን ፈጁ። አሜሪካኖቹ የሟቾቹን ቁጥር 347 ሲሉ ቬትናማውያን 504 ብለው ይመዘግባሉ። ድርጊቱ ከአንድ ዓመት በላይ እንደ ትልቅ የጦር ድል ተጽፎ ቆየ፤ ሪፖርቱ እንደ እህታችን ወንድም ሪፖርት ነበር። ከሃያ በላይ መኮንኖችና ወታደሮች ቢከሰሱም የተፈረደበት መቶ አለቃ ዊልያም ካሊ ብቻ ነው። ሻምበሉ ኧርነስት መዲና እ.ኤ.አ. በ1971 በነፃ ተለቀቀ። ካሊም ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ሳለ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ጣልቃ ገብቶ ወደ መኖሪያው እንዲዛወር አደረገ፤ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ በአብዛኛው በቁም እስር አሳልፎ ወጣ።

ግን በዚያው ቀን፣ በዚያው መንደር፣ ሂዩ ቶምፕሰን የተባለ የሄሊኮፕተር አብራሪም ነበረ። ሄሊኮፕተሩን በወታደሮቹና በሚሸሹት ሰዎች መካከል አሳርፎ፣ የገዛ ወገኖቹ በሰዎቹ ላይ ቢተኩሱ እንዲተኩሱባቸው ባልደረቦቹን አዘዘ፤ ከሞት የተረፉትን አሳፍሮ አወጣ። አገሩ ሲመለስ ለዓመታት እንደ ከሃዲ ታየ። ሶልጀርስ ሜዳል የተባለው ሽልማት የተሰጠው ድርጊቱ ከተፈጸመ ከ30 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። እሱም ከቅዠቱ አላመለጠም። ስለዚህ ትእዛዝ ተሰጥቶኝ ነበር የሚለው ሰው አጠገብ ሁልጊዜ እንቢ ያለ ሰው ሊኖር እንደሚችል አንርሳ።

ጠበቃ በአዳማ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:05

እህቴ፣ ነገሩን እዚህ ድረስ አውጥተሽ ማማከርሽ ጥሩ ነው፤ ዝርዝሩን ግን ከዚህ በላይ በአደባባይ አትጻፊ። እኔም የምናገረው ስለ ሕጉ እንጂ ስለ ወንድምሽ ጥፋተኝነት አይደለም።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 270 በጦርነት ጊዜ ሰላማዊ ሕዝብን መግደልን ከጦር ወንጀሎች አንዱ አድርጎ ደንግጎታል። ቅጣቱ ከ5 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ ነገሩ እጅግ ከባድ ሲሆን እስከ ዕድሜ ልክና ሞት ይደርሳል። እዚህ ላይ ሁለቱ ተኩሶች መለየት አለባቸው። በተዘጋ በር ላይ የተተኮሰው ስለ ስጋት፣ ስለ ስሕተት፣ ስለ ቸልተኝነት ያከራክራል፤ ከአንድ ቀን በፊት ከዚያው አቅጣጫ መተኮሱም ይነሳል። ሽማግሌው ላይ የተተኮሰው ግን እጁን የዘረጋ፣ የቆሰለና መሣሪያ የሌለው ሰው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጡት የጄኔቫ ስምምነቶች ለእንደዚህ ዓይነት ሰው፣ ታጣቂም ቢሆን እንኳ፣ ጥበቃ ይሰጣሉ።

ጋሼ ሃምሳ አለቃ ስለ ትእዛዝ ያነሱት በሕጉ መልስ አለው፤ አንቀጽ 73 እና 74ን ይመለከቷል። ያዘዘው ይጠየቃል። የታዘዘውም የትእዛዙን ሕገ ወጥነት፣ ለምሳሌ ሰው መግደል መሆኑን፣ እያወቀ ከፈጸመው ይጠየቃል፤ ሁኔታው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። የአማቻችሁ «አብዷል በሉ» ግን አደገኛ ምክር ነው። አንቀጽ 48 እና 49 የሚጠይቁት ሰውዬው ድርጊቱን *በፈጸመበት ጊዜ* የሚሠራውን የማወቅና ራሱን የመግዛት ችሎታው እንዴት እንደነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ማጣቱ ከኃላፊነት ነፃ አያወጣውም። በሌላ በኩል አንቀጽ 82 ከልብ መጸጸትን፣ ጥፋትን ማመንንና ራስን ለሕግ መስጠትን ቅጣት ማቅለያ ያደርጋል። ራሱ መሄዱ ተጎትቶ ከመወሰድ በእጅጉ ይለያል።

አንድ ፍርድ ላክልበት። በእንግሊዝ አሌክሳንደር ብላክማን የተባለ የባሕር ኃይል ኮማንዶ እ.ኤ.አ. በ2011 አፍጋኒስታን ውስጥ የቆሰለ የታሊባን ተዋጊ ገድሎ፣ በ2013 በነፍስ ግድያ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በመጀመሪያው ክርክር ስለ አእምሮው ሁኔታ የቀረበ የሐኪም ማስረጃ አልነበረም። በ2017 ይግባኝ ሰሚው ወታደራዊ ፍርድ ቤት በወቅቱ የነበረበትን የአእምሮ መታወክ መርምሮ ጥፋቱን ወደ ቀለለ ነፍስ ማጥፋት ዝቅ አደረገው፤ ቅጣቱም 7 ዓመት ሆነ። ሕመሙ ድርጊቱን አላጠፋውም፤ ደረጃውን ለወጠው። ያ ሊሆን የቻለውም ዳኞቹ እውነቱን ሙሉ በሙሉ ስላዩት ነው።

የአባቷ ልጅ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:50

ከላይ ያለውን ሁሉ አነበብኩ። ስለ ወታደሩ እንቅልፍ፣ ስለ ወታደሩ እስራት፣ ስለ ወታደሩ አዛዥ። ስለ ሴትዮዋ ማን ጠየቀ? ልጅ ነበራት? እንጀራውን የምትጋግረው ለማን ነበር? ሽማግሌው አባቷ ናቸው ወይስ አማቷ?

እኔ ከቀዬዬ ተፈናቅዬ እዚህ አዳማ የምኖር ነኝ። አባቴን የገደሉት ወታደሮች ናቸው፤ የየትኛው ወገን እንደሆኑ አልናገርም፤ ይህች እህት ለምን እንዳልተናገረች ይገባኛልና። አባቴ ንብ አናቢ ነበሩ። ዱላ እንጂ ጠመንጃ ይዘው አያውቁም። እሳቸውም በሆነ ወረቀት ላይ «ታጣቂ» ተብለው ሳይጻፉ አይቀሩም። ገዳያቸው ዛሬ የሆነ ከተማ ውስጥ በር ሥር ይተኛል ብባል አላለቅስለትም። ይቅር እንድል አትጠብቁኝ። እንዲሞትም አልፈልግም። የምፈልገው ሰው ፊት ቆሞ «ገበሬ ነበሩ፤ መሣሪያ አልያዙም፤ እኔ ነኝ የገደልኳቸው» እንዲል ነው። ወንድሜ በየመንገዱ ወታደር ባየ ቁጥር «ይህ ይሆን?» ይላል፤ ሁሉንም ሲጠላ መኖሩ ይብቃው።

የአዳማዋ እህት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15

እህቴ የአባቷ ልጅ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የጻፍሽውን ለወንድሜ አነበብኩለት። ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «ስማቸውን አላውቅም፤ የመንደሯን ስም ግን አውቃለሁ፤ ቤቱንም ባየው አልስተውም» አለኝ። ትላንት የእናታችንን ፊት አይቶ ሐሳቡን ሊተው ነበር።

የአእምሮ ጤና ነርስ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ? ካለ ዛሬውኑ ይውጣ። ራሴን ባጠፋ የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ ያውቃል? ለማወቅ በቀጥታ ጠይቂው፤ መጠየቅሽ ሐሳቡን አያመጣበትም። መጠጥና ጫት ካበዛም ለሐኪሙ ይነገር። ቃሉን ከሰጠ በኋላ ያሉት ቀናት በጣም ከባድ ስለሚሆኑ፣ ከዐቃቤ ሕግ በፊት ወይም ጎን ለጎን ሐኪም ይያዘው። አዳማ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሄዶ ካርድ ማውጣት ይችላል፤ ወደ አማኑኤልም ሊላክ ይችላል። ጠበሉን እናታችሁ አታስቀርበት፤ መድኃኒት ከታዘዘለት ግን ሁለቱንም ይቀጥል።

አሁን ስለ ሕመሙ። ከድኅረ አደጋ የአእምሮ ጭንቀት ጋር ሁለት ነገሮች ተደባልቀውበት ሊሆን ይችላል። አንደኛው ፍርሃት ነው፤ በር ሥር የሚያስተኛው፣ ድምፅ የሚያስደነግጠው። ሁለተኛው ባለሙያዎች የኅሊና ቁስል የሚሉት ነው፤ ሰው ራሱ ባደረገው፣ ወይም እያየ ባልከለከለው፣ ወይም የሚያምናቸው አዛዦቹ ባደረጉት ክፉ ነገር የሚመጣ ነው። ጆናታን ሼይ የተባለ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪም የቬትናም ዘማቾችን ሲያክም ነው ይህን በሰፊው ያስተዋወቀው። ፍርሃቱን ስናክም «አሁን ደኅና ቦታ ነህ፤ አደጋው አልፏል» እንላለን። ለኅሊና ቁስል ይህ አይሠራም። ሽማግሌ የገደለን ሰው «ጥፋቱ የአንተ አይደለም» ብትዪው፣ እውነት እንዳልሆነ ስለሚያውቅ ከዚያ በኋላ አያምንሽም። ሕክምናው የሆነውን ሳይቀንስና ሳይጨምር በቃሉ እንዲናገረው፣ የራሱን ድርሻ ከአዛዡ ድርሻ እንዲለይ፣ ከዚያም ሊጠገን የሚችል ምን እንዳለ እንዲያስብ ማገዝ ነው። ወንድምሽ «ቃሌን ልስጥ» ሲል ቤተሰቡ የሕመሙ ምልክት አድርጎ ካየው በጣም አዝናለሁ። ከተናገረው ሁሉ ጤነኛው እሱ ነው።

ወታደራዊ ፍርድ ያለ ሕክምና ምን እንደሚያደርግም ታይቷል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ ጦር በመክዳት፣ በፍርሃትና በመሰል ወታደራዊ ጥፋቶች ወንጅሎ የረሸናቸው 306 ወታደሮች ይቅርታ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከእነሱ መካከል ዛሬ ብናያቸው ሕመምተኛ የምንላቸው ነበሩበት። ግን እነዚያ አብዛኞቹ የሸሹ ናቸው፤ ያልታጠቀ ሰው የገደሉ አይደሉም። ሐዘኔታችንን ስንሰጥ ይህን ልዩነት አንዘንጋ።

ዲያቆን ዘናዝሬት | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12:45

ለእናትሽ ይህን ንገሪልኝ። ጠበል ያለ ንስሐ አይደለም፤ ንስሐም መናዘዝ አለው። ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ዘመን ከጦርነት የተመለሱ ወታደሮች እጃቸው ንጹሕ ስላልሆነ ሦስት ዓመት ከቅዱስ ቁርባን ቢታቀቡ መልካም እንደሆነ መክሯል። ይህን ያለው ጠላትን በውጊያ ስለገደሉት ነው። እጁን ዘርግቶ የለመነን ሽማግሌ የገደለማ ምን ያህል ይጾም? ወደ ነፍስ አባቱ ይሂድ፤ የነፍስ አባቱም «ለሕግ አትናገር» የሚሉት አይመስለኝም።

ሐጂ ከገንደ ሃራ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:20

አሰላሙ ዐለይኩም። በእኛም ዘንድ ከነቢዩ ሙሐመድ ቀጥለው ሙስሊሞችን የመሩት አቡበክር ሲዲቅ ጦራቸውን ሲልኩ ሴት፣ ሕፃንና ሽማግሌ እንዳይገደል፣ የሚያፈራ ዛፍ እንዳይቆረጥ አዘዋል። ቁርአን በስሕተት ለተገደለ አማኝ እንኳ ለቤተሰቡ የደም ካሳ እንዲከፈል፣ ባሪያ ነፃ እንዲወጣ፣ ያልቻለ ሁለት ወር ተከታታይ እንዲጾም ያዛል። በስሕተት ለሆነው እንኳ «አልፏል» አይባልም።

በኦሮሞ ባሕል ደግሞ ጉማ የሚባል የደም ካሳና የዕርቅ ሥርዓት አለ። በጉማ ሽማግሌ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ገዳይ ወይም ወገኑ «ገድለናል» ብሎ ካልመጣ ጉማ የለም። የሟች ወገን መጀመሪያ እንቢ ይላል፤ ሽማግሌዎች ይመላለሳሉ፤ ይለምናሉ። ችግሩ ወንድምሽ የገደለው ሩቅ አገር ነው። የሟቾቹ ሽማግሌዎች እነማን እንደሆኑ አናውቅም፤ ገዳዩም የመንግሥት ልብስ ለብሶ ነበር። ጉማውን አንድ ድሃ ቤተሰብ ብቻውን ሊከፍል ነው? ልብሱን ያለበሰው አካልም ካሳው ውስጥ መግባት አለበት ባይ ነኝ።

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:55

የአባቷ ልጅ ያልሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጄ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። አልከራከርሽም።

ጠበቃውን ግን እጠይቃለሁ። ይህ ልጅ ሄዶ ቢናገር የሚሰማው ማን ነው? የጦሩ ዐቃቤ ሕግ የጦሩ ሰው ነው። ዳኛውም ማዕረግ ያለው ነው። አዛዡ ሊከሰስ ይችላል ወይ? ይህ ካልተመለሰልኝ ከሐሳቤ አልነቃነቅም።

ጠበቃ በአዳማ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:20

አባቴ፣ ጥያቄዎ ትክክል ነው። በመከላከያ ሠራዊት አዋጅ መሠረት ቀዳሚና ይግባኝ ሰሚ ወታደራዊ ፍርድ ቤቶች አሉ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ወታደራዊ አስፈላጊነት በሌለበት ሁኔታ ሰላማዊ ሰዎችን በመግደል የተጠረጠሩ 28 ወታደሮች መከሰሳቸውን፣ አንዱም ሰላማዊ ሰው በመግደል ጥፋተኛ መባሉን አሳውቆ ነበር። ክስ ይመሠረታል ማለት ነው። የሚጎድለው ግልጽነት ነው፤ ተጎጂው ቤተሰብ ችሎቱን ካላየው ፍርዱ ለእሱ እንዳልተሰጠ ነው። አሜሪካኖች ሮበርት ቤልስ የተባለ ወታደራቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ካንዳሃር ውስጥ 16 ሰዎች ሲገድል፣ በቅጣት ውሳኔው ላይ ቃላቸውን እንዲሰጡ የአፍጋን ገበሬዎችን በአውሮፕላን እስከ ዋሽንግተን ግዛት አምጥተዋቸዋል። ያለ አመክሮ ዕድሜ ልክ ሲፈረድበት ከፊቱ ነበሩ። ቢያንስ ይህ ለእኛም ይገባናል።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ልዩ ዐቃቤ ሕግ፣ ልዩ ፍርድ ቤትና የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን እንዲቋቋሙ ይላል። እኔ ከጦሩ ውጭ ባለ ዳኛ ፊት ቢታይ እመርጣለሁ። እስከዚያው ግን ቃሉ መጥፋት የለበትም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 ያለ ፍርድ የሞት ቅጣት እርምጃ የመውሰድ ዓይነት ወንጀሎች በይርጋ እንደማይታገዱ፣ በምሕረትም እንደማይታለፉ ስለሚደነግግ ጊዜው አያመልጥም።

እህቴ፣ ብቻውን ጣቢያ እንዳይሄድ። መጀመሪያ ጠበቃ ይያዝ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 እና 20 ያለመናገርና በጠበቃ የመወከል መብት ይሰጡታል። ከዚያ ጠበቃው ባለበት ሁሉንም ይጻፍ፦ ቀኑን፣ መንደሯን፣ ሁለቱን ተኩስ ለየብቻ፣ የአዛዡን ስምና ያለውን ቃል፣ ሲል የሰሙትን፣ ሪፖርቱን ማን እንደጻፈው። ጋሼ ሃምሳ አለቃ የሚፈሩት የልጁ ስም ብቻ እንዳይቀር ነው፤ መፍትሔው ዝም ማለቱ ሳይሆን የሁሉም ስም መጻፉ ነው።

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:50

የአዛዡ ስም ከተጻፈ ይሂድ። ብቻውን እንዳይሰማው ከፈለገ ደጃፉ ድረስ አብሬው እሄዳለሁ። የጠበቃ ወጪ ካስቸገራችሁም የቀድሞ ጓዶቼን አስተባብራለሁ።

የአዳማዋ እህት | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:30

አባባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሽጉጥ ነበረ፤ ትላንት ማታ አጎታችን ወሰደው። ዛሬ ከሰዓት ሆስፒታል እንሄዳለን፤ ጠበቃውንም በግል መልእክት አነጋግሬዋለሁ። እናታችን አሁንም እያለቀሰች ነው፤ ግን ዲያቆኑ የጻፉትን አንብቢልኝ ብላ ደገመችው። እህቴ የአባቷ ልጅ፣ እሱ እንድጠይቅሽ የነገረኝ ነገር አለ። የሚጽፈው ቃል ላይ ለሟቾቹ ቤተሰብ የሚጠቅም ምን ይጨምር?

የአባቷ ልጅ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4:05

ይቅርታ መጠየቁን ለመጨረሻ ያቆየው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ታጣቂ እንዳልነበሩ ይጻፍ፤ ሪፖርቱ ሐሰት እንደሆነ በግልጽ ቃል ይናገር። ሴትዮዋ የለበሰችውን፣ የሽማግሌውን መልክ፣ ቤቱ ከመንገዱ በየት በኩል እንደሆነ ያስታወሰውን ሁሉ ይጻፍ፤ ቤተሰብ ከዚህ ነው ሰውን የሚለየው። አስከሬናቸውን ማን እንዳነሳው፣ የት እንደተቀበሩ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ክሱ እስኪከፈት አይጠብቅ። እኛ አባታችንን ያገኘነው አንድ እረኛ ቦታውን ስላሳየን ነው፤ የእነዚህ ሰዎች ዘመዶች እስካሁን እየፈለጉ ሊሆን ይችላል። እሱን ዛሬውኑ ለጠበቃው ይንገረው።